የአባት ሕንፃ፣ የባልና ሚስት ኪራይ፦ የአንድ የአዳማ ቤተሰብ ጉዳይ

2016 ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አዳማ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለው ክሊኒክ ለአከራዩ ተደወለለት። ውኃ በኮርኒሱ ሰርጎ ካርድ ክፍሉን አርሶታል። ሰውየው ሮጦ ሄደና ጣሪያው ላይ ወጣ። ቆርቆሮው ሁለት ቦታ ተነቅሏል። አሸንዳው በቅጠልና በጭቃ ተደፍኗል። ኮንክሪቱም ተሰነጣጥቋል። ኮንትራክተር አምጥቶ ሲያስገምት 620,000 ብር ተባለ።

ይህ ሰው ከሕንፃው በወር 320,000 ብር ኪራይ ያገኛል። ጥገናው የሁለት ወር ኪራይ እንኳ አይሞላም። ግን በዚያ ቀን ባልና ሚስቱ ያላቸውን የባንክ ሒሳብ ሁሉ ቢያዳርሱ የተገኘው 41,000 ብር ነው።

ጥገናው ወደ መስከረም ተገፋ። በመሐሉ ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ የግንባታ ዕቃም አብሮ ወጣ። መስከረም ላይ ያው ኮንትራክተር ያንኑ ጣሪያ አይቶ 890,000 አለ። የሁለት ወሩ መዘግየት 270,000 ብር አስጨመራቸው።

እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። እስከዚያ ድረስ የምሠራላቸው የግብር ሒሳብ ብቻ ነበር። መስከረም ላይ ሁለቱም አብረው ቢሮዬ መጡና «ገንዘባችን የት እንደሚሄድ ንገረን» አሉኝ። የሆነውን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ማንነታቸውን የሚያሳይ ነገር አውጥቻለሁ። የብሩንም መጠን በጥቂቱ ቀይሬዋለሁ፤ ምጣኔው ግን እንዳለ ነው።

ገንዘቡ ከየት መጣ

አባትየው ሹፌር ነበሩ። በጅቡቲ መስመር የሰው መኪና ሲነዱ ኖረው ኋላ የራሳቸውን ገዙ። ከአንድ ተሳቢ ሁለት፣ ከሁለት ሦስት እያሉ አዳማ ዋናው መንገድ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ አቆሙ። ሚስታቸው ቀድመዋቸው ነበር። እሳቸውም በ2011 አረፉ። ሦስቱ ልጆች ያለ ክርክር ተካፈሉ። ይህን አጋጣሚ ሳላመሰግን አላልፍም፤ በውርስ የተነሳ ወንድምና እህት ፍርድ ቤት ሲቆሙ ብዙ አይቻለሁ። አሜሪካ ያለችው ታላቅ እህት መኖሪያ ቤቱን፣ ታናሽ ወንድም መኪኖቹን ወሰዱ። የእኛ ባለጉዳይ ሕንፃውና 4.2 ሚሊዮን ብር ደረሰው።

ያኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ነበር። በዓመቱ ሥራውን ለቀቀ። ሚስቱ ፋርማሲስት ናት፤ እሷ አልለቀቀችም። ሦስት ልጆች አሏቸው።

የ4.2 ሚሊዮኑን ነገር ባጭሩ ልናገር። በ2011 ዶላር 28 ብር አካባቢ ስለነበር ገንዘቡ ወደ 150,000 ዶላር ይጠጋ ነበር። ተራ የቁጠባ ሒሳብ ውስጥ አስቀመጡት። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ2010 ጀምሮ 7 በመቶ ነበር። በ2014 ደግሞ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ብሩ ደብተሩ ላይ እየጨመረ፣ ገበያ ላይ እያነሰ ሄደ። ከዚያ የቤት እድሳት መጣ፣ ሙት ዓመት መጣ፣ መኪና መጣ። የመኪናው ግማሽ ዋጋ የባንክ ብድር ነው። 2015 ሲያልቅ ከአባት ጥሬ ገንዘብ የቀረ አልነበረም። ማንም አላባከነውም። እያንዳንዱ ወጪ ብቻውን ሲታይ ምክንያት ነበረው።

የአንድ ዓመት ወጪ

ሦስት ምሽት ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ቬንቲሌተሩ ይዞራል፣ ቡና ይፈላል። እነሱ የባንክና የቴሌብር መልእክቶችን ከስልካቸው እያነበቡ እኔ እጽፋለሁ። የ2016ን ወጪ ያወጣነው እንዲህ ነው።

ኪራዩ በዓመት 3,840,000 ብር ነው። ሚስትየው ከደመወዟ ለቤት የምታውለው 216,000 ነው። ድምሩ 4,056,000 ይሆናል። ወጪው ደግሞ ለኪራይ ገቢ ግብር 900,000፣ ለምግብ፣ ለሠራተኛና ለቤት 780,000፣ ለመኪና ብድር 480,000፣ ለልጆች ትምህርት ቤት 420,000፣ ለነዳጅና ለጋራዥ 310,000፣ ለሶደሬ፣ ለሆቴልና ለሽርሽር 290,000 ነበር። ለሕንፃው ጥገና የወጣ ምንም የለም። ለቁጠባም የተቀመጠ ምንም የለም።

አንድ መስመር ይቀራል። መጨረሻ ላይ የጻፍነው፣ በሦስተኛው ምሽት ነው። ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለዘመድ ሕክምና፣ ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ፣ ለዘመድ ልጅ ትምህርት፣ ለበዓል በሬ፣ «ለጊዜው አበድረኝ» ተብሎ ላልተመለሰ፣ በድምሩ 1,130,000 ብር።

ጠቅላላው 4,310,000 ሆነ። ከገቢው በ254,000 ይበልጣል። ጉድለቱን የሞላችው አሜሪካ ያለችው እህት ናት። ለእርሷ «ለአስቸኳይ ነገር ነው» ተብሎ ሁለት ጊዜ ተደውሎላታል።

ሌላም ነገር አየሁ። ተከራዮቹ የሚከፍሉት የስድስት ወር በአንዴ ነው፣ መስከረምና መጋቢት ላይ። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ 1,920,000 ብር ባንድ ቀን ይገባል። በዚያ ሳምንት ቤቱ ሀብታም ነው። እሱም እጁ ሰፊ ይሆናል፤ ለጠየቀው ሁሉ ይሰጣል። አራተኛው ወር ላይ እጅ ያጥራል። እሱ ደረጃ «ሀ»፣ ማለትም ከፍተኛ ገቢ ያለው፣ ግብር ከፋይ ስለሆነ እስከ ጥቅምት 30 ማሳወቅና መክፈል አለበት። የመስከረሙ ኪራይ ግማሹ ያለፈው ዓመት ግብር ነው። እነሱ ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ ዱብ ዕዳ ይቀበሉታል። ደመወዝተኛ ወሩ ሲያልቅ ገንዘቡም ማለቁን ያውቃል። በአደራ የተቀበሉት ሀብት ግን እንዲህ ያለ ቀን የለውም። ሕንፃው ቆሟል፣ ተከራዩ አለ፣ ሰው ሁሉ «ያባቱ ልጅ» ይለዋል። ማነሱ የሚታየው ጣሪያው ሲያፈስ ነው።

የእኔ ስህተት

መጀመሪያ ያየሁት ሶደሬንና ሆቴሉን ነበር። «ይህን ቁረጡ» አልኳቸው። ቀላልና ዓይን ላይ የሚወድቅ ወጪ ስለሆነ ነው። ታዘዙኝ። ሁለት ወር ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ቤት ዋሉ። ልጆቹ አኮረፉ። ባልና ሚስቱም ስለ ጥቃቅን ነገር መነታረክ ጀመሩ፤ የወተት፣ የካርድ፣ የፀጉር ቤት። በወር የዳነው 24,000 ብር ገደማ ነው። በዚያው ሁለት ወር ለአንድ የሩቅ ዘመድ ሠርግ 85,000 ወጥቷል።

ለምን ያንን አልነካንም ብዬ ሁለቱንም ለየብቻ ጠየቅሁ። ካገኘሁት መልስ በኋላ ሥራዬን እንደገና ጀመርኩ።

እሷ እንዲህ አለችኝ፦ «የአባቱ ገንዘብ ነው። እኔ ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ? ዘመዶቹ ‹መጥታ እጁን አሰረችው› ይሉኛል።»

እሱ ደግሞ፦ «ሰዎቹ እኔን አይደለም የሚለምኑት፣ አባቴን ነው። ‹አባትህ ቢኖሩ ኖሮ› ሲሉኝ ፊቴን ወዴት ላድርገው? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ስሙን እኔ ልቅበረው?»

እሷ የአባት ገንዘብ ስለሆነ አትጠይቅም። እሱ የአባት ስም ስለሆነ እምቢ አይልም። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር፣ ከአባትየው ሞት ወዲህ ባለው አምስት ዓመት፣ ስለ ዘመድ ወጪ አንድም ቀን ቁጭ ብለው አልተነጋገሩም። ሲፋቀሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ዝምታው ከመከባበር የመጣ ነበር።

ጠበቃው የተናገረው

ለሌላ ጉዳይ፣ የኪራይ ውል ለማደስ፣ ጠበቃ ዘንድ ሄድን። እግረ መንገዴን የውርሱን ነገር አነሳሁ። ጠበቃው ያለው ለእኔ አዲስ አልነበረም። ለሚስትየው ግን ነበር።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ በአንቀጽ 57 በጋብቻ ውስጥ በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ንብረት የግል ሆኖ ይቀራል ይላል። በአንቀጽ 62 ግን ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢ የጋራ ነው። አዳማ የሚሠራው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ስለሆነ ጠበቃው የክልሉንም አየልን፤ ለእነሱ ጉዳይ ያው ነው አለ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ በቀላል አማርኛ አስረዳት።

«ሕንፃው የእሱ ነው። ኪራዩ የሁለታችሁ ነው።»

ዝም አለች። ቆየት ብላ «ከመቼ ጀምሮ?» ስትል ጠየቀችው።

«ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ።»

ባልየው ይከፋዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልከፋውም። ወደ መኪናው ስንሄድ «እንግዲህ እምቢ ስል ብቻዬን አይደለሁም ማለት ነው» አለ። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ሕግ ሰውን ሲያፋታ እንጂ ሲያቀራርብ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ያን ቀን አየሁ።

በዚያው ሳምንት እሷም የደበቀችውን አወጣች። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ሳምንታዊ የአንድ ሺህ ብር እቁብ ነበራት። ሁለት ጊዜ ደርሷት፣ ከዚያም እያጠራቀመች 163,000 ብር ለብቻ ይዛለች። ጥቅምት 2017 ላይ ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን መሸጥ ሲጀምርም ዝቅተኛውን፣ 33 አክሲዮን በ9,900 ብር፣ ከደመወዟ ገዝታለች። «አንድ ቀን ነገሩ ቢያልቅ ለልጆቹ ብዬ ነው» አለች። እያለቀሰች ነው የነገረችው። እሱ አልተቆጣም። እቁቡ ስንት ሰው እንዳለው ጠየቃት።

ባሕረ መዝገቡ

የአባትየው ታላቅ እህት አሁንም በሕይወት አሉ። ሁሉም እትዬ ነው የሚላቸው። ልጁ «አባቴ እኮ ማንንም አይመልስም ነበር» ሲል ሰምተው ሳቁ። «ማን ነው ያለህ? ወንድሜ እንኳን ሌላውን፣ እኔንም መልሶኛል» አሉት። ከቁም ሳጥን ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ጥቁር ባሕረ መዝገብ አስወጡ። ለቀብር ቤቱ ሲጸዳ ወስደው ያኖሩት ነው።

እኔ ይዤ አገላበጥኩት። ጠርዙ በናፍጣ እጅ ጠቁሯል። እያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ አንድ ቃል አለ፤ ጎማ፣ ናፍጣ፣ ረዳት፣ ግብር። ሕንፃው ካለቀ በኋላ «ጣሪያ» የሚል ገጽ ተጨምሯል። በየወሩ አንድ መስመር አለው፤ መጀመሪያ 2,000፣ ኋላ 3,000፣ ከዚያ 5,000። በመሐል በየዓመቱ ሰኔ ላይ አንዲት አጭር መስመር ትመጣለች፦ «አሸንዳ አስጠረግሁ፣ 300።» ልጁ ያችን መስመር ደጋግሞ አነበባት። እሱ በአምስት ዓመት አንድም ቀን አሸንዳ አላስጠረገም። መጠረግ እንዳለበትም አያውቅም ነበር፤ አባቱ አልነገሩትም፣ እሱም አልጠየቀም።

«ዘመድ» የሚል ገጽም አለ። የ2008ቱን ላንሳ። አናቱ ላይ 60,000 ተጽፏል። ከሥሩ ወጪው በዝርዝር አለ፤ የአንድ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኙ በስፒል ተያይዞ፣ ለእህታቸው ግማሽ ኩንታል ጤፍ፣ ለአንድ ለቅሶ 1,000፣ ለሕክምና ቀጥታ ለሆስፒታሉ 7,500። ግንቦት ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር ተሰምሮ ሥሩ «ሞልቷል» ይላል። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ ምንም የለም።

«ከቀዩ በኋላ የመጣ ሰው ምን ይባላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ለመስከረም ና ይለዋል። ቡና ጠጥቶ ይሄዳል» አሉ እትዬ።

የያዙት መንገድ

ጣሪያው እንዲህ ተሠራ። ከእቁቡ ገንዘብ 163,000፣ ከመስከረሙ ኪራይ 327,000፣ ቀሪውን 400,000 ክሊኒኩ ከፍሎ ከሚቀጥለው ኪራይ እንዲቀነስለት ተስማማ። ጥሩ ተከራይ ነው።

ከዚያ ለሕንፃው ብቻ የሚሆን ሒሳብ ተከፈተ። ኪራዩ ሁሉ እዚያ ይገባል፤ ማንም ከዚያ በካርድ አያወጣም። የስድስት ወሩ ክፍያ ባንድ ቀን ቢገባም የሚወጣው በየወሩ ነው። ከ320,000ው ላይ 75,000 ለግብር፣ 32,000 ለጣሪያና ለሕንፃው፣ 40,000 ለመኪናው ብድር፣ 30,000 ለዘመድ፣ 135,000 ደግሞ «ደመወዝ» ተብሎ ለቤት። የቀረው 8,000 ቁጠባ ነው። ትንሽ ነው። ብድሩ ሲያልቅ 40,000ው ወደዚያ ይዞራል። የክሊኒኩ ቅናሽ እስኪያልቅ ግን መጀመሪያው ዓመት ጠበብ ብሎባቸዋል፤ ቁጠባውም አልጨመረም።

ልብ በሉ፣ የቤቱ ኑሮ እምብዛም አልተቀነሰም። 135,000ው ከእሷ 18,000 ጋር የቀድሞውን የምግብ፣ የትምህርት ቤት፣ የነዳጅና የሶደሬ ወጪ ይሸፍናል። ሶደሬ ተመልሷል። ልጆቹም ታርቀዋል። የተቆረጠው የዘመዱ መስመር ነው፤ ከ1,130,000 ወደ 360,000። እሱም የሚወጣው ሁለቱም ተስማምተው ነው፤ ለትምህርት ቤት በቀጥታ፣ ለሆስፒታል በቀጥታ፣ ለለቅሶ በእጅ።

ይህ ቀላል አልነበረም። ቀላል አስመስዬ ብጽፈው ውሸት ይሆናል። ጥር 2017 ላይ የአጎቱ ልጅ ባጃጅ ለመግዛት 200,000 ሊጠይቅ መጣ። አብረው ያደጉ ናቸው። በልጅነታቸው አባትየው ሁለቱንም በተሳቢው ጋቢና አስቀምጠው ሞጆ ድረስ ይወስዷቸው ነበር። ባልየው «30,000 አለ፣ ሌላው ለመስከረም» አለው። ሰውየው ቡናውን ሳይጨርስ ተነሳ። በር ላይ «አባትህ ሰው ነበሩ» ብሎ ወጣ። ለፋሲካ አልመጣም። ስልክም አያነሳም። እኔ ውሳኔው ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ሆኖም ባልየው የዚያን ቀን የከፈለው በየትኛውም መስመር ላይ አልተጻፈም። ሚስትየው ገንዘቡን ይዛ ወደ ሰውየው ቤት ልትሄድ ሁለት ጊዜ ተነስታለች፤ ሁለቴም ባሏ ነው ያስቀራት። ሰኔ ላይ ራሱ ሄደ። አላገኘውም፤ ለእናቱ ጤፍ አስቀምጦ ተመለሰ።

ያው ሰኔ አሸንዳውን አስጠረገ። 4,500 ብር ከፈለ። ባሕረ መዝገቡ ውስጥ፣ የአባቱ ጽሕፈት ካቆመበት ገጽ ላይ፣ ከሥሩ በራሱ እጅ ጻፈው። ሐምሌ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ሌሊት ተነስቶ ባትሪ ይዞ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። ኮርኒሱን በእጁ ዳሰሰው። ደርቋል። ለሚስቱ ከዚያው ደወለላት።

አሁን የሚነታረኩት በሌላ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ሥራ ከጀመረ ወዲህ እሷ የባንክ አክሲዮን ዋጋ ትከታተላለች፤ ቁጠባው ወደዚያ ይሂድ ትላለች። እሱ መሬት እንጂ ወረቀት አያምንም፤ ወደ ወንጂ በኩል ቦታ ይፈልጋል። ባለፈው ስሄድ ሁለቱም በየፊናቸው ስሌት ሠርተው ጠበቁኝ። የእሷ በስልኳ ላይ ነው። የእሱ ባሕረ መዝገቡ ውስጥ፣ አናቱ ላይ ገና ስም ባልተጻፈበት አዲስ ገጽ ላይ።